ስድስት ከስድስት፣ በመካከልም አንድ ዳኛ፦ የኬሳቫናንዳ ባራቲ ጉዳይ ለጀማሪ የሕግ ተማሪዎች

ኮመን ሎውን፣ ማለትም በቀደሙ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ላይ የሚገነባውን ሕግ፣ ከተጻፈ ሕገ መንግሥት ጋር አጣምሮ የሚሠራ የሕግ ሥርዓት ለጀማሪ ተማሪዎች የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ በትርጓሜ ነው። ቀዳሚ ውሳኔ ምን እንደሆነ፣ የፍርዱ አስገዳጅ ክፍል ከሐተታው በምን እንደሚለይ፣ የሕገ መንግሥት የበላይነት በፍርድ ቤት እንዴት እንደሚጠበቅ በየተራ ይነገራቸዋል፤ ተማሪዎቹም ቃላቱን ይይዛሉ እንጂ በሥራ ላይ ሲውሉ አያዩአቸውም። በእኔ እምነት የተሻለው መንገድ አንድን መዝገብ ከአቤቱታው አንሥቶ ዓመታት ቆይቶ እስከ መጣው ውጤቱ ድረስ መከተል ነው፤ ለዚህም የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 24 ቀን 1973 የወሰነውን የኬሳቫናንዳ ባራቲንና የኬረላ ግዛትን ክርክር ያህል የሚያስተምር መዝገብ አላውቅም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

መዝገቡ ለጀማሪ ይከብዳል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ 13 ዳኞች ተሰይመውበት 11 የተለያዩ ፍርዶች ተጽፈውበታል፣ ገጾቹ ወደ 700 ይጠጋሉ፣ ማን እንዳሸነፈም በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ አይቻልም። ነገር ግን ተማሪው ሊማረው የሚገባው ነገር ያለው በዚሁ ክብደቱ ውስጥ ስለሆነ፣ መምህሩ መዝገቡን አቅልሎ ከማቅረብ ይልቅ ተማሪውን በእርጋታ በውስጡ ሊያሳልፈው ይገባል።

አቤቱታው

ስዋሚ ኬሳቫናንዳ ባራቲ በሰሜን ኬረላ የሚገኘው የኤድኒር የሂንዱ ገዳም የበላይ ኃላፊ ነበሩ። ኬረላ በ1963 ያወጣችውና በ1969 ያሻሻለችው የመሬት ሥሪት ሕግ አንድ ባለይዞታ ሊኖረው በሚችለው መሬት ላይ ጣሪያ ስለጣለ፣ የገዳሙ መሬት ከእጁ የሚወጣበት ሁኔታ ተፈጠረ። ስዋሚው በማርች 1970 በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 መሠረት አቤቱታቸውን በቀጥታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቀረቡ። አንቀጽ 32 መሠረታዊ መብቱ የተነካበት ሰው ሌላ ፍርድ ቤት ሳይረግጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን እንዲጠይቅ የሚፈቅድ ሲሆን፣ ይህ የመጠየቅ መብት ራሱ ከመሠረታዊ መብቶች እንደ አንዱ ተቆጥሯል። አመልካቹ የእኩልነት፣ የንብረት፣ የሃይማኖት ነፃነት እንዲሁም የሃይማኖት ተቋም የራሱን ጉዳይ የማስተዳደር መብት ተጥሷል ሲሉ አመለከቱ።

እዚህ ላይ ተማሪው ቆም ብሎ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በዚህ ሥርዓት ፍርድ ቤቱ የሕገ መንግሥትን ትልቅ ጥያቄ በራሱ ተነሣሽነት አንሥቶ አይመልስም፤ ጥያቄው የሚመጣው አንድ የተወሰነ ሰው በአንድ የተወሰነ ነገር ተጎዳሁ ብሎ ሲቀርብ ነው። የሕንድ ሕገ መንግሥት የማሻሻያ ሥልጣን ወሰን እስከ ዛሬ የሚጠራው መሬቱን ለማዳን በመጣ አንድ የሃይማኖት አባት ስም ነው። በኮድ በሚመራ ሥርዓት የተማረ ሰው ሕጉን በአንቀጹ ቁጥር ይፈልገዋል፤ የኮመን ሎው ተማሪ ደግሞ በተከራካሪዎቹ ስም ማስታወስን መልመድ አለበት፤ ምክንያቱም ሕጉ የተነገረባቸው ፍሬ ነገሮች የሕጉ አካል ናቸው።

አቤቱታው ገና በእንጥልጥል ላይ ሳለ ነገሩ ተለወጠ። ፓርላማው በ1972 ባወጣው 29ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የኬረላን የ1969 እና የ1971 የመሬት ሕጎች በሕገ መንግሥቱ ዘጠነኛ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገባቸው። ይህ ሠንጠረዥ በ1951 በመጀመሪያው ማሻሻያ የተፈጠረ ሲሆን፣ በውስጡ የተዘረዘረ ሕግ መሠረታዊ መብትን ይቃረናል ተብሎ እንዳይሻር ከለላ ይሰጣል። ስለዚህ አመልካቹ የኬረላን ሕግ ብቻ ቢቃወሙ ከለላው ይመልሳቸዋል፤ ወደፊት ሊራመዱ የሚችሉት ከለላውን የሰጠውን ማሻሻያ ራሱን ሲቃወሙ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ክርክሩ ከገዳም መሬት ተነሥቶ፣ ፓርላማ ሕገ መንግሥቱን የማሻሻል ሥልጣኑ ወሰን አለው ወይስ የለውም ወደሚለው ጥያቄ ተሸጋገረ።

ከኋላ የተሸከመው ሸክም

ጥያቄው አዲስ አልነበረም። አንቀጽ 13 መንግሥት መሠረታዊ መብቶችን የሚያስቀር ወይም የሚያጠብ ሕግ እንዳያወጣ ይከለክላል። አንቀጽ 368 ደግሞ በእያንዳንዱ ምክር ቤት ከጠቅላላው አባላት አብላጫው፣ ተገኝተው ድምፅ ከሰጡትም ሁለት ሦስተኛው ሲደግፉ ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል ይፈቅዳል፤ ለአንዳንድ ድንጋጌዎችም ከግዛቶቹ የግማሾቹን ማጽደቅ ይጠይቃል። ታዲያ በአንቀጽ 13 የተጠቀሰው ሕግ የሕገ መንግሥት ማሻሻያንም ይጨምራል? በ1951 በሻንካሪ ፕራሳድ ጉዳይ አምስት ዳኞች በአንድ ድምፅ አይጨምርም አሉ። በ1964 በሳጃን ሲንግ ጉዳይ አምስት ዳኞች ያንኑ ደገሙት፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ፣ ዳኛ ሂዳያቱላህና ዳኛ ሙድሆልካር፣ ጥርጣሬያቸውን በጽሑፍ አስቀመጡ። በ1967 በጎላክናት ጉዳይ 11 ዳኞች ተሰይመው 6 ለ5 በሆነ ድምፅ የቀደመውን አቋም ሻሩት፤ ማሻሻያም ሕግ ነው፣ ፓርላማም መሠረታዊ መብቶችን ሊያጠብ አይችልም ተባለ። በዚያው ውሳኔ ከዚያ በፊት የተደረጉ ማሻሻያዎች እንደጸኑ እንዲቆዩ፣ አዲሱ ሕግ ወደፊት ብቻ እንዲሠራ ተደረገ።

ዳኞች ውሳኔያቸውን እንደፈለጉ መለዋወጥ ከቻሉ ቀዳሚ ውሳኔ አስገዳጅ ነው ማለት ምን ትርጉም አለው የሚል ጥያቄ እዚህ ላይ መነሣቱ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱ በሁለት ነገሮች ላይ ያርፋል። በአንቀጽ 141 መሠረት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያወጀው ሕግ በሕንድ ግዛት ውስጥ ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ ያስገድዳል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ ግን በቀድሞ ውሳኔው ለዘለዓለም እንደማይታሰር በ1955 ወስኗል። ሆኖም የፍርድ ቤቱ ዳኞች ሁሉ አንድ ላይ ስለማይሰየሙ፣ ትንሹ ችሎት የትልቁን ውሳኔ መሻር አይችልም። በጎላክናት የተሰየሙት 11 ስለነበሩ ያን ውሳኔ ለመመርመር ከዚያ የሚበልጥ ችሎት አስፈለገ፤ 13 ዳኞች የተሰየሙበት ምክንያትም ይህ ነው። የቁጥሩ ነገር ሥነ ሥርዓታዊ ዝርዝር ቢመስልም፣ ሕጉ በማን ሊለወጥ እንደሚችል የሚወስነው እሱ ነው።

የፖለቲካውም ሁኔታ መነገር አለበት፣ አለዚያ ፍርዱ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1970 የባንኮችን መወረስና የቀድሞ መሳፍንትን ዕውቅናና አበል የማስቀረት እርምጃ ውድቅ ካደረገ በኋላ፣ የጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ ፓርቲ በ1971 ምርጫ ከሁለት ሦስተኛ በላይ መቀመጫ አሸነፈ። አዲሱ ፓርላማ በ24ኛው ማሻሻያ ሥልጣኑ መሠረታዊ መብቶችን ጭምር እንደሚያካትት በግልጽ ጻፈ፤ በ25ኛው የንብረት መብትን አጠበበ፤ በ26ኛው የመሳፍንቱን አበል አስቀረ። እያንዳንዱ ማሻሻያ ለአንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ የተሰጠ መልስ ነበር።

ክርክሩ

ችሎቱ ከኦክቶበር 31 ቀን 1972 እስከ ማርች 23 ቀን 1973 ባለው ጊዜ ውስጥ 68 ቀናት ተሰየመ። ለአመልካቾቹ ወገን ናኒ ፓልኪቫላ፣ ለኬረላ ኤች. ኤም. ሲርቫይ፣ ለማዕከላዊው መንግሥት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ኒረን ዴ ተከራከሩ። በዚህ ሥርዓት ዳኛው ሕጉን የሚያገኘው በጠበቆቹ ፉክክር ውስጥ ነው፤ እነሱ ያላነሡትን ሐሳብ ፍርዱ ውስጥ ማግኘት ብርቅ ነው።

የመንግሥት ወገን ክርክር ጠንካራ ነበር፣ ተማሪውም በአሸናፊው ዓይን ብቻ እንዳያየው መምህሩ ሊጠነቀቅ ይገባል። ሕገ መንግሥቱ ስለ ማሻሻያ ወሰን አንድም ቃል አልጻፈም፤ ያልተጻፈ ወሰን ዳኞች ከፈጠሩ፣ ሕዝብ ያልመረጣቸው ሰዎች የሕዝብ ወኪሎችን ያስራሉ፤ የመሬት ጥያቄን የመሰለ የሚሊዮኖች ጉዳይም በጥቂት ባለንብረቶች አቤቱታ ይታገታል። ይሁን እንጂ ክርክሩ እስከ ጫፉ ሲገፋ የሚያደርስበት ቦታ ዳኞቹን አሳሰባቸው። ዋና ዳኛ ሲክሪ በፍርዳቸው እንዳሰፈሩት፣ የመንግሥት ወገን አቋም ተቀባይነት ካገኘ ፓርላማው ሕገ መንግሥቱን ጨርሶ ከመሻር በመለስ ዴሞክራሲን በአንድ ፓርቲ አገዛዝ ሊተካ፣ የመናገርን ነፃነትም ሊያስቀር ይችላል።

የአመልካቾቹ ሐሳብ ከየት እንደመጣ መከተል ደግሞ ኮመን ሎው የውጭ ሐሳብን እንዴት እንደሚቀበል ያሳያል። የጀርመን መሠረታዊ ሕግ በአንቀጽ 79 አንዳንድ መርሆዎች በማሻሻያም እንዳይነኩ በግልጽ ይደነግጋል። ጀርመናዊው ምሁር ዲትሪሽ ኮንራድ በ1965 በሕንድ ባናራስ ባደረጉት ንግግር፣ እንዲህ ያለ ወሰን ባይጻፍ እንኳ ከማሻሻል ሥልጣን ባሕርይ ሊመነጭ እንደሚችል አስረዱ፤ ሐሳቡም በጎላክናት ጉዳይ በጠበቆች አፍ ችሎት ፊት ቀርቦ፣ በ1973 በዳኛ ካና ፍርድ ውስጥ ተጠቀሰ። ዳኛ ሙድሆልካር በ1964 የሕገ መንግሥቱ መሠረታዊ ገጽታዎች ሊነኩ ይችላሉ ወይ ብለው ሲጠይቁ የጠቀሱት ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት የተሰጠ የፓኪስታን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነበር። ከእነዚህ አንዱም የሕንድን ፍርድ ቤት አያስገድደውም፤ ዳኛውን ማሳመን ግን ይችላሉ። የሚያስገድደውንና የሚያሳምነውን ምንጭ መለየት የዚህ ሥርዓት ተማሪ በየዕለቱ የሚፈጽመው ሥራ ነው።

ድምፁ እንዴት ይቆጠራል

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የመዝገቡ ልብ ነው፣ በማስተማርም ጊዜ ሰፊው ሰዓት ሊሰጠው የሚገባ እዚህ ላይ ነው።

ዋና ዳኛ ሲክሪ፣ ሸላት፣ ሄግዴ፣ ግሮቨር፣ ጃጋንሞሃን ሬዲና ሙከርጂያ፣ በአጻጻፋቸው ቢለያዩም፣ የማሻሻያ ሥልጣን በውስጡ የታወቀ ወሰን እንዳለው፣ የሕገ መንግሥቱን ዐቢይ ገጽታዎችና የመሠረታዊ መብቶችን ፍሬ ሊያጠፋ እንደማይችል ጻፉ። ሬይ፣ ፓሌካር፣ ማቲው፣ ቤግ፣ ድዊቬዲና ቻንድራቹድ በበኩላቸው ሥልጣኑ እንዲህ ያለ ወሰን የለውም አሉ። ስድስት ለስድስት ሆነ ማለት ነው።

አሥራ ሦስተኛው ዳኛ ኤች. አር. ካና ከሁለቱም ጎራ ሙሉ በሙሉ አልቆሙም። ከኅሊና ወይም ከተፈጥሮ ሕግ የሚመነጭ ስውር ወሰን አለ የሚለውን አልተቀበሉም፤ መሠረታዊ መብቶችም ሊሻሻሉ እንደሚችሉ፣ የንብረት መብትም የሕገ መንግሥቱ መሠረታዊ መዋቅር አካል እንዳልሆነ ጻፉ። በዚህ ረገድ ከሁለተኛው ጎራ ጋር ናቸው። ነገር ግን ማሻሻል ማለት ነባሩ ሕገ መንግሥት ማንነቱን ሳያጣ ከለውጡ በኋላ መቀጠሉን የሚጠይቅ ስለሆነ፣ በማሻሻል ስም መሠረታዊ መዋቅሩን ማፍረስ አይቻልም አሉ። በዚህ ደግሞ ከፊተኛው ጎራ ጋር ናቸው።

ተማሪው ወረቀት አውጥቶ እያንዳንዱን ጥያቄ ለየብቻ ቢቆጥር ነገሩ ይገለጥለታል። «የማሻሻያ ሥልጣን ወሰን አለው?» ለሚለው ሰባት ዳኞች አዎን ብለዋል፤ ስድስቱና ካና። «መሠረታዊ መብቶች፣ የንብረት መብትን ጨምሮ፣ ሊሻሻሉ ይችላሉ?» ለሚለውም ሰባት ዳኞች አዎን ብለዋል፤ ሌሎቹ ስድስትና እንደገና ካና። ሁለቱ ሰባቶች የተለያዩ ሰዎች ስብስብ ናቸው፤ በሁለቱም ውስጥ ያሉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። በዚህ አቆጣጠር 13ቱን ያስገደደው አቋም ከመካከላቸው አንዱ ዳኛ ብቻ በሙሉ የተቀበሉት አቋም ሆነ። ቀዳሚ ውሳኔ የብዙኃኑ የጋራ እምነት ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ አስደንጋጭ ነው፤ ነገር ግን ፍርዱን ከምክንያቱ፣ ምክንያቱንም ከሐተታው መለየት ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

ፍርዱ በተነበበበት ቀን ከ13ቱ ዘጠኙ «የብዙኃኑ አስተያየት» የተባለ አጭር ማጠቃለያ ፈረሙ። ጎላክናት ተሽሯል፤ አንቀጽ 368 የሕገ መንግሥቱን መሠረታዊ መዋቅር ወይም ማዕቀፍ ለመለወጥ አያስችልም፤ 24ኛውና 29ኛው ማሻሻያዎች የጸኑ ናቸው፤ 25ኛውም፣ አንድ ሕግ የተወሰኑ የፖሊሲ ግቦችን ለማስፈጸም የወጣ ነው የሚል መግለጫ ካለበት በፍርድ ቤት እንዳይጠየቅ ከሚከለክለው ክፍል በቀር ጸንቷል ይላል። ሬይ፣ ማቲው፣ ቤግና ድዊቬዲ አልፈረሙም። ይህ ወረቀት ራሱ ሕግ ነውን? ዳኛ ባግዋቲ ከሰባት ዓመታት በኋላ በሚነርቫ ሚልስ ጉዳይ፣ ሕጉ የሚገኘው ከፍርዶቹ ውስጥ እንጂ ከተፈረመው ማጠቃለያ እንዳልሆነ ጽፈዋል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ተማሪው ማጠቃለያውን ብቻ አንብቦ ጉዳዩን አወቅሁ እንዳይል አደራ የምለውም ለዚህ ነው፤ ማጠቃለያው የደረሱበትን ይናገራል፣ እንዴት እንደደረሱ ግን ከፍርዶቹ በቀር የሚናገር የለም።

ስዋሚው የመጡበትን አላገኙም። የኬረላን የመሬት ሕጎች የጠበቀው 29ኛው ማሻሻያ ጸና። መንግሥትም ያሸነፈ መስሎ ነበር፤ ጎላክናት ተሽሮለታል፣ ማሻሻያዎቹም በአብዛኛው ቆመውለታል። ያጣው ወደፊት የሚታይ ነገር ነው፤ ማሻሻያን ሁሉ ከእንግዲህ ፍርድ ቤት ሊመዝነው ይችላል።

የተሸነፉት ዳኞች ያደረጉት

በሁለት ቀናት ውስጥ የፍርዱ ዋጋ ታየ። ዋና ዳኛ ሲክሪ በማግሥቱ ጡረታ ሲወጡ፣ መንግሥት ኤ. ኤን. ሬይን፣ በአገልግሎት የሚቀድሟቸውን ሸላትን፣ ሄግዴንና ግሮቨርን ዘልሎ፣ ዋና ዳኛ አድርጎ ሾመ። የተዘለሉት ሦስቱም ወሰን አለ ካሉት ዳኞች ወገን ነበሩ፤ ሦስቱም ሥራቸውን ለቀቁ። ተሿሚው ሬይ ወሰን የለም ካሉት ነበሩ። ስለ ዳኝነት ነፃነት ለማስተማር ሌላ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም።

ስለ ሥርዓቱ ግን ይበልጥ የሚያስተምረው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በጁን 1975 የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የኢንዲራ ጋንዲን የምክር ቤት ምርጫ ሰረዘ፤ በዚያው ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በኦገስትም 39ኛው ማሻሻያ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ምርጫ ክርክር ከፍርድ ቤቶች እጅ አወጣው። ይግባኙን ለመስማት የተሰየሙት አምስት ዳኞች ሬይ፣ ካና፣ ማቲው፣ ቤግና ቻንድራቹድ ነበሩ፤ ከካና በስተቀር አራቱ ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት የመሠረታዊ መዋቅርን ሐሳብ ያልተቀበሉ ናቸው። እንደ ግል እምነታቸው ቢሄዱ ማሻሻያውን ለማጽናት የሚከለክላቸው ነገር አልነበረም። ነገር ግን በ1973 የተወሰነው አሁን ሕግ ነው። በኖቬምበር 7 ቀን 1975 ማቲውና ቻንድራቹድ ራሳቸው ተቃውመውት የነበረውን መለኪያ ተቀብለው፣ ከካና ጋር የማሻሻያውን አከራካሪ ንዑስ አንቀጽ ውድቅ አደረጉ። የጠቅላይ ሚኒስትሯ ምርጫ ራሱ በሌላ ምክንያት መጽናቱ መዘንጋት የለበትም፤ ፍርድ ቤቱ ጀግና ሆኖ ወጣ ብሎ ማስተማር እውነቱን ያጣምማል። ሆኖም ቀዳሚ ውሳኔ አስገዳጅ ነው የሚለው መርህ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት የሚሻ ሰው እነዚህን ሁለት ዳኞች ይመልከት፤ የተሸነፉበትን ሐሳብ የፍርዳቸው መነሻ አደረጉት።

ከሦስት ቀናት በኋላ፣ በኖቬምበር 10፣ ዋና ዳኛ ሬይ የኬሳቫናንዳን ውሳኔ እንደገና ለመመርመር 13 ዳኞችን ሰየሙ። ፓልኪቫላ ውሳኔው እንዲመረመር በሥርዓቱ የጠየቀ ወገን አለመኖሩን አንሥተው አጥብቀው ተከራከሩ፤ በኖቬምበር 12 ችሎቱ ያለ ውሳኔ ተበተነ። ያ ችሎት ወደ ፍርድ ደርሶ ቢሆን ኖሮ የሚሆነውን መገመት የታሪክ ሥራ ነው፤ የሕግ ተማሪ ሊይዘው የሚገባው፣ ቀዳሚ ውሳኔን ለመሻር የዳኞች ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ፣ በአግባቡ የቀረበ ጉዳይም እንደሚያስፈልግ ነው።

በኤፕሪል 1976 በአስቸኳይ ጊዜ የታሰሩ ሰዎች ፍርድ ቤት ሊጠይቁ ይችላሉ ወይ በሚለው ጉዳይ ከአምስቱ ዳኞች አራቱ አይችሉም ሲሉ ብቻቸውን የተለዩት ካና ነበሩ፤ በጃንዋሪ 1977 እሳቸውም ተዘልለው ቤግ ዋና ዳኛ ሲሆኑ ሥራቸውን ለቀቁ። የ1973ቱ ውሳኔ በአስቸኳይ ጊዜ ያን የመሰለ በደል አላስቀረም። ይህንንም ለተማሪዎች መናገር ግዴታ ነው፤ ሕገ መንግሥታዊ መርህ በመጻፉ ብቻ ሰው ከእስር አይወጣም።

ፓርላማው በ1976 በ42ኛው ማሻሻያ አንቀጽ 368 ላይ፣ ማሻሻያ በማናቸውም ምክንያት በፍርድ ቤት አይጠየቅም፣ የማሻሻያ ሥልጣንም ምንም ወሰን የለውም የሚሉ ሁለት ንዑስ አንቀጾችን ጨመረ። እነዚህ በ1980 በሚነርቫ ሚልስ ጉዳይ ተሻሩ፤ የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉትም በዚያን ጊዜ ዋና ዳኛ የነበሩት ቻንድራቹድ ናቸው። ምክንያታቸው የተወሰነ የማሻሻያ ሥልጣን ራሱ ከሕገ መንግሥቱ መሠረታዊ ገጽታዎች አንዱ ስለሆነ፣ ፓርላማው ይህን ውሱን ሥልጣን ተጠቅሞ ሥልጣኑን ወሰን የለሽ ሊያደርገው አይችልም የሚል ነበር። በ1973 ከስድስቱ ተቃዋሚዎች አንዱ የነበሩት ዳኛ ለሐሳቡ ጽኑውን ግድግዳ ሠሩለት። በሌላ በኩል የንብረት መብት በ1978 በ44ኛው ማሻሻያ ከመሠረታዊ መብቶች ዝርዝር ሲወጣ የካና ሁለተኛ ሐሳብ በተግባር ተፈጸመ።

የኬሳቫናንዳ ጉዳይ ምን ወሰነ ለሚለው የፈተና ጥያቄ በኤፕሪል 24 ቀን 1973 ሊሰጥ የሚችለው መልስና በ1980 ሊሰጥ የሚችለው መልስ አንድ አይደሉም የምለው ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ውሳኔው በአንድ ድምፅ ላይ የቆመ፣ ይዘቱም ግልጽ ያልሆነ ሐረግ ነበር። መሠረታዊ መዋቅር ውስጥ የትኞቹ ነገሮች እንደሚገቡ ዳኞቹ የጠቀሷቸው ዝርዝሮች እንኳ አይገጥሙም ነበር። ይዘቱ የተሞላው ቀጥለው የመጡ ጉዳዮች እየተነሡ፣ ነፃ ምርጫ፣ የሕግ የበላይነት፣ የፍርድ ቤት ቁጥጥር አንድ በአንድ በተጨባጭ ፍሬ ነገር ላይ ሲመዘኑ ነው። በ1980 ከኤፕሪል 24 ቀን 1973 በኋላ ወደ ዘጠነኛው ሠንጠረዥ የገቡ ሕጎች ሊመረመሩ እንደሚችሉ ተወሰነ፤ በ2007 ዘጠኝ ዳኞች ይህን አጸኑት። በ2015 የዳኞችን አሿሿም የቀየረው 99ኛው ማሻሻያ የዳኝነትን ነፃነት ይነካል ተብሎ 4 ለ1 ውድቅ ሆነ።

የማይዘጋው ክርክር

ይህ የመጨረሻው ውሳኔ የቆየውን ቅሬታ እንደገና ቀሰቀሰው፤ ዳኞች ስለ ራሳቸው አሿሿም የወጣን ማሻሻያ በራሳቸው መለኪያ ውድቅ ሲያደርጉ ገለልተኛ ዳኛ ማን ነው? በ1973 የተለዩት ስድስት ዳኞች ያነሡት ሥጋት፣ መለኪያው ልቅ ስለሆነ በዳኞች እጅ የፖለቲካ ሥልጣን ያስቀምጣል የሚለው፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ክብደቱን አላጣም። በእኔ ሚዛን በ1975 የታየው አደጋ ወሰን እንዲኖር ያስፈልግ እንደነበር ያስረዳል፤ ነገር ግን ይህ ሚዛን የእኔ ነው፣ ተማሪውም የሬይን ወይም የማቲውን ፍርድ አንብቦ ተቃራኒ መደምደሚያ ላይ ቢደርስ ትምህርቱን አልሳተም። በዚህ ሥርዓት የልዩነት ሐሳብ ከፍርዱ ጋር አብሮ የሚታተመው ነገ ሌላ ችሎት ሊያነሣው ስለሚችል ነው።

የመሠረታዊ መዋቅር መርህ ወደ ሌሎች አገሮች የተጓዘበት መንገድም ይህንኑ ያሳያል። የባንግላዴሽ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 መርሁን ተቀብሎ 8ኛውን ማሻሻያ በከፊል ውድቅ አደረገ። በኬንያ ከፍተኛው ፍርድ ቤትና የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2021 መርሁን ሥራ ላይ አዋሉት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በማርች 2022 በአብላጫ ድምፅ፣ የኬንያ ሕገ መንግሥት የራሱ የማሻሻያ ሥርዓት ስላለው መርሁ በዚያ አይሠራም አለ። እዚህ ላይ ተማሪዎች ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጠው እንዲያነቡ ማድረግ ይጠቅማል። የኬንያው ሕገ መንግሥት አንዳንድ ጉዳዮችን ያለ ሕዝበ ውሳኔ ማሻሻል አይፈቅድም፤ የሕንዱ ግን ሕዝቡን በቀጥታ የሚጠይቅበት መንገድ የለውም። ተመሳሳይ የሚመስለው ጥያቄ በተለየ ጽሑፍ ላይ ሲያርፍ ተመሳሳይ መልስ ላያመጣ ይችላል፣ ጠበቃም የውጭ ውሳኔ ሲጠቅስ ይህን ልዩነት አስቀድሞ ሊያስረዳ ይገባዋል።

በሕንድ ውስጥ ግን ውሳኔው አሁንም እንደቆመ ነው። በቀጥታ ሊሽረው የሚሻ ወገን በአግባቡ የቀረበ ጉዳይ ይዞ ከ13 በላይ ዳኞች እንዲሰየሙለት ማድረግ ይኖርበታል፤ ይህን ያህል ትልቅ ችሎት ደግሞ በፍርድ ቤቱ ታሪክ ተሰይሞ አያውቅም።